ማን ቀረ

በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ውሻው ከሰገን እግር ስር ተጋድሞ፣ በመስኮት በገባችው ፀሐይ ሆዱን እያሞቀ፣ ጆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ደንቆሮ ነው። ሰገን ይህን ያወቀችው ባመጣችው ቀን ነው፤ ቡቺ ብትለው፣ መቻል ብትለው፣ ብታፏጭለት፣ ወይ ፍንክች።

ደንቆሮነቱ ተስማምቷታል፤ ማውራት አይጠበቅባትም። እናቷ ወይዘሮ ብርኽቲ ካረፉ ሃያ ሦስት ቀናቸው ነው፤ ሰገን አላለቀሰችም። በቀብሩም በሰልስቱም ለቀስተኛው በጎን እያያት ዓይኗ ደረቅ ነበር። መሥሪያ ቤቷ "ትንሽ ዕረፊ" ብሎ የሳምንት ፈቃድ ሰጣት። ሳምንቱም እንዲሁ አለቀ። ውሻው ይበላል፣ ይተኛል፣ ጠግቦ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ እሷ ታየዋለች። አልከፋትም፣ ደስም አላላትም። ጥርስ ሊነቀል ማደንዘዣ እንደተወጋ ድድ፣ ሰውነቷ የሌላ ሰው ሆኗል። ከታች ፎቅ ያለችው ራቢያ በየቀኑ ሾርባ ታመጣለች፤ ግን ውሻው እንዳይነካት ስለምትሸሽ በር ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች።

ሰገን ውሻውን ያገኘችው ካዛንቺስ፣ ከፈረሰው ቤታቸው ነው። ሰገን ዕቃ ይዛ ቀድማ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ስትገባ፣ እናቷ እስከ መጨረሻው ቀን አልወጣም ብለው ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሄዳ ብታይ፣ ከቤቱ የተረፈችው የደጃፉ ደረጃ ብቻ ነች፤ ውሻው እሷ ላይ ተኝቷል። ላዳ አስቁማ ይዛው መጣች። ለምን እንደሆነ አታውቅም።

ሄዳ በሩን ከፈተች። የድሮው ሰፈራቸው ዘበኛ ጋሽ ገቢሳ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

"እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ትናንት ገና ነው የሰማሁት። ዕድሩ ተበትኗል፣ ጡሩንባ የሚነፋ የለ፣ ማን ይንገረኝ?" አሉና ወደ ውስጥ አፈጠጡ። "ማን ቀረ!"

ሰገን የተጠየቀችው እሷ መስሏት፣ "እኔ ብቻ ነኝ ጋሼ" አለች።

ደንቆሮው ውሻ ግን ተስፈንጥሮ ሽማግሌው ደረት ላይ ወጣ።

"አይሰማም እኮ" አለች ሰገን።

"ይሄ? ወር ሙሉ ኤክስካቫተር ጆሮው ስር ሲያፈርስ ከርሞ፣ ለበር ማንኳኳት ይነሳልሽ?" ሳቁ፤ ዓይናቸውን ጠረጉ። በድሮው ሰፈር የውሻ ስም ለጎረቤት የሚወረወር ነገር ነው። "ማን ቀረ ነው ስሙ። ሰዉ እየለቀቀ ሲሄድ ጠዋት ጠዋት ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። ያልወጣ ሁሉ ከየቤቱ 'አለን!' ይለኛል። መጨረሻ የቀሩት እናትሽ ነበሩ። 'እኔ አለሁ ገቢሳ፣ ና ሻይ ጠጣ' ይሉኝ ነበር።"

ሰገን ውሻውን አየችው።

"ስፈልገው ነበር" አሉ ጋሽ ገቢሳ ውሻውን እያሻሹ። "አሁን መጋዘን ነው የምጠብቀው፤ ግቢው ሰፊ ነው። ልውሰደው?"

"ይውሰዱት።"

ወረዱ። ውሻው ጭራውን እየቆላ ተከተላቸው፤ ዞር ብሎም አላያት። ሰገን ተመልሳ ተኝቶበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠች። መዳፏን ወለሉ ላይ አሳረፈች። አልቀዘቀዘም።

ያን ጊዜ ተነስታ ሮጠች። ከደረጃው አፋፍ ላይ የብረቱን መደገፊያ ይዛ አጎንብሳ ጮኸች።

"ማን ቀረ!"

ሳምንት ሙሉ ያልጮኸ ድምፅ ነው፤ ተሰነጠቀ። ከታች የጋሽ ገቢሳ ኮቴ ቆመ።

"ማን ቀረ! ማን ቀረ!" ውሻውን እየጠራች ይሁን ሌላ ነገር እየጠየቀች፣ ለራሷም ጠፋት። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

ታች ፎቅ በር ተከፈተ።

"እኔ አለሁ!" አለች ራቢያ፣ በባዶ እግሯ እየወጣች። "ሰገንዬ፣ እኔ አለሁ፣ መጣሁ!"

ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ደረጃውን ትሮጣለች። ከኋላዋ የውሻው ጥፍር ሲሚንቶውን እየቧጨረ ቀረበ፣ ደረሰባት፣ ቀሚሷን ታክኮ አለፈ። ራቢያ አልቆመችም።