ያቺ አንዲት ዲ

ከአሥራ ሁለት ትምህርት አሥራ አንዱ ኤ ነበር። ኬሚስትሪ ብቻ ዲ። ማክሰኞ የሁለት ዓመት ልጁን ቀበረ፤ ሐሙስ ኬሚስትሪ ተፈተነ።

ቀን መድኃኒት ቤት ይሸጣል፤ ማታ ይማር ነበር። ልጁ ከሞተ ወዲህ ሐኪም ከመሆን ሌላ ሐሳብ የለውም። የልጁ በሽታ የሳንባ ምች መሆኑ የታወቀው ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን ነው።

«እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር» ይላል።

ይህን ባለ ቁጥር ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ታስነሳለች።

የሕክምና ትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ተስፋ ሰጠችው። «አንዲት ዲ ሰው አትገድልም። ብቻ መምህሩ ምክንያቱን ይጻፍልህ። አለዚያ ኮሚቴው ፋይልህን ገልጦም አያየው።»

የኬሚስትሪ መምህሩን ተማሪዎች «በረዶ» ይሉታል። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ አይቀልጥም ብለው።

«መምህር፣ ልጄን ቀብሬ በሁለተኛው ቀን ነው የተፈተንኩት።»

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

በረዶ መነጽሩን ወለወለ። «እጽፋለሁ። ግን በቀጥታ ለኮሚቴው ነው የምልከው፤ ለተማሪ በእጅ አልሰጥም።»

ማታ ለሚስቱ ነገራት።

«በእጅ አልሰጥም አለ?» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እንግዲያው አይጽፍም። መላኩን ማን አየለት?»

ጥርጣሬው ከዚያች ማታ ጀመረ።

ማመልከቻውን ያስገባችለት ሚስቱ ናት። «አንተ ከሥራህ አትቅር፣ እኔ አደርሰዋለሁ» ብላ። ያለፉት ተማሪዎች ዝርዝር ሊለጠፍ ሳምንት ሲቀረውም አንዴ ተመልሳ ሄዳለች። ፎቶ ጎደለ ተብላ ነው።

ፋርማሲስቷ አለቃው ትቀልድበታለች። «ዶክተር፣ እስቲ ያንን ካርቶን አቀብለኝ! ጋዋኑን መቼም ባለቤትህ ታለብስሃለች።» ይህን ቤት ወስዶ ሲያወራ ሚስቱ አልሳቀችም። በዚያው ሰሞን የሆስፒታል ጋዋን ስፌት መጥቶላት መልሳዋለች፤ አያዋጣም ብላ።

ዝርዝሩ ተለጠፈ። ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ስሙ የለም። ሁለት ሲ ያለው የክፍል ጓደኛው ግን አለ።

ቤቱ ሲደርስ ገና አፉን ሳይከፍት «አይዞህ» አለችው። «ያ ሰውዬ ነው። አንጀቱ ድንጋይ ነው ብዬህ አልነበር?» ምሳ አቀረበችለት። አልቀመሰም።

በማግስቱ በረዶን ከክፍሉ መሐል፣ ተማሪ ፊት ያዘው። አንቱታው ሁሉ ጠፋበት።

«ልጄን ሁለተኛ ቀበርክብኝ! አንዲት ደብዳቤ፣ አንዲት ገጽ ምን ይጎዳህ ነበር?»

ከኋላ አንዱ ተማሪ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። በረዶ አልተቆጣም። ጠመኔውን አስቀመጠ፣ እጁን አራገፈ።

«ና» አለው።

ወደ ሕክምና ትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ቢሮ ይዞት ሄደ። እሷ ፋይሉን ፈልጋ አወጣችው። የበረዶ ደብዳቤ አለ፤ ሦስት ገጽ ሙሉ። መጨረሻው ላይ «ተማሪዬ ከቀብር መምጣቱን ሳላውቅ ፈተንኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል።

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ደብዳቤዬስ ደርሷል» አለ በረዶ። «ግን አሁንም አልገባኝም።» ወደ መዝጋቢዋ ዞረ። «ታዲያ ያቺ ዲ ናት የጣለችው?»

«ኧረ የምን ዲ! ኮሚቴው አልፎለታል፤ ተራው እንዲያውም አራተኛ ነበር።» መዝጋቢዋ ግራ ገብቷት ሰውየውን አየችው። «ማመልከቻህን ራስህ አይደለህ እንዴ ያሰረዝከው? ደብዳቤህ ይኸው።»

ወረቀቱን ተቀበላት። ስሙ አለ፤ ፊርማም አለ። «በሕይወት ያስገባሁትን ልጅ ሬሳ አድርጎ ወደ መለሰልኝ ሆስፒታል ተመልሼ አልገባም» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የሚስቱ ነው።