በነጻ የተገኘ ኢንተርኔት

የእህቴ ባል ያገለገለች መኪና ገዝቶ ጉራውን አልቻልነውም። መኪናዋ ኢንተርኔት አላት፤ በስልክ ትታዘዛለች። ሻጩ፣ "የድሮው ባለቤት ስልክ አሁንም ከመኪናዋ ጋር የተገናኘ ነው፤ ቶሎ ግንኙነቱን አስቋርጥ" ብሎት ነበር።

"ለኢንተርኔቱ የከፈለው የድሮው ባለቤት ነው፤ እስኪያልቅ ልጠቀምበት እንጂ" አለኝ። በነጻ ካገኘ መርዝም የሚጠጣ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ የሹፌሩን ወንበር ጠዋት ጠዋት ወደ ኋላ ተገፍቶ ያገኘዋል። "እህትህ ናት የምትነካካው" ይላል። እህቴ መንዳት አትችልም፤ ቁመቷም ከእሱ አይበልጥም።

ትናንት እሷን ከጎኑ፣ እኔን ከኋላው አስቀምጦ ሞተሩን አስነሳ። ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋ፤ ወንበሩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና አስጠጋ። እንደገና ተመልሶ ጉልበቴን ተጫነኝ።

"አየህ ዘመናዊ ነገር፤ ራሷን ታስተካክላለች" አለ፣ እግሩ ፍሬኑ ላይ ሳይደርስ።

በሮቹ ተቆለፉ። በስልኩ ሊከፍት ሞከረ፤ እምቢ አለው። ከዚያ የመሃሉ ስፖኪዮ ቀስ እያለ ዞረ፤ ከእሱ ላይ ተነስቶ እህቴን ቃኘ፣ ዓይኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እሱም በስልክ ነው የሚታዘዘው?" አልኩት።

"አይ" አለ። "እሱ በእጅ ነው የሚዞረው።"