ለእማዬ የተመረጠ

ኦንላይን ለሚሸጡ ሱቆች፣ አፕሊኬሽናቸው ላይ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚወደውን ብቻ መርጦ የሚያሳይላቸው ሲስተም ነው የምሠራው። አዲስ ነገር ስጨምር መጀመሪያ የምሞክረው በእማዬ ስልክ ነው። ዛሬ ስከፍተው «ለእርስዎ የተመረጠ» ከሚለው ሥር የሰው መንጋጋ ጥርስ ፎቶ ወጣ። ምራቁ እንኳን አልደረቀም፤ ሥሩ ላይ ሥጋ ተንጠልጥሏል።

«ኤጭ! እማዬ፣ እንዳትነኪው!»

«ወንድ ልጅ ጥርስ ይፈራል? ደግሞ ልክ እንዳንተ ጥርስ የተሞላ ነው። አዘዝኩት እኮ።»

ስልኩ ላይ «ተልኳል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ምላሴ ሳላስበው ወደ ኋላ ሄደ። ያስሞላሁት ጥርሴ ቦታው ላይ የለም፤ ደም ደም የሚል ለስላሳ ድድ ብቻ። አፌን በእጄ ያዝኩ።

ቀጣዩ ፎቶ ቀስ እያለ ተከፈተ። እርጥብ ዓይን ነው፤ ከሥሩ የኔው ጠባሳ አለ።

«ውይ፣ የኔ ቆንጆ!» አለች እማዬ፣ አውራ ጣቷን ወደ «ይዘዙ» እየላከች።