ድስት የላሰች ሙሽራ

ደመና ሁሉ በቧንቧ ከየቤቱ ታንከር ጋር በተሳሰረበት በዚያ ዘመን፣ ዝናብ ምድር ላይ መውደቁን ከተወ ብዙ ክረምት አልፎ ነበር። ደሴ ላይ፣ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ደመናም እንደ ታሰረች ነጭ ጊደር ከጣሪያቸው በላይ ቀስ ብላ ትወዛወዝ ነበር።

በሰርጓ ቀን ልጃቸው ውባለም በመስኮት ወደ ላይ አየችና ሳቀች።

«እማዬ፣ ዋሽተሽኛል! ድስት የላሰ ሰርጉ ላይ ይዘንብበታል ስትዪኝ አልነበር? ስንቱን ድስት ላስኩት! ይኸው ጠብታ እንኳ የለም።»

«ቆይ፣ አንቺ ሆዳም!» አሉ እናቷ፤ ነጠላቸውንም ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ወደ ጓሮ ወጡ።

የፈሰሰ ውሃ እስከ መጪው ክረምት እንደማይተካ ያውቃሉ። ቢሆንም ከታንከሩ በላይ ያለውን መዝጊያ ቫልቭ ጠምዝዘው ዘጉት። መውረጃ ያጣው ውሃ ወደ ደመናዋ እንዳይመለስ ባለአንድ አቅጣጫው ቫልቭ ከለከለው፤ ግፊቱ እያየለ ሄዶ ቧንቧው እንደ በገና አንጎራጎረ። በመጨረሻ ጣሪያው ላይ ያለው ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፈተና ውሃው ሽቅብ ተረጭቶ በዳሱ፣ በግቢው፣ በሙሽራዋም ቬሎ ላይ በቀስታ ዘነበ።

«ቧንቧ ፈነዳ!» እያሉ ሚዜዎቹ ባልዲ ፍለጋ ተራወጡ። ውባለም ግን ግቢው መሃል ቆማ፣ ዐይኗን ጨፍና ታሸት ነበር።

«እማዬ፣ ይህ ሽታ ምንድን ነው?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሳቃቸው ከአፋቸው ላይ ቀረ። ጎንበስ ብለው እርጥብ አፈር ዘገኑና በመዳፏ ላይ አኖሩላት።

«መሬት ናት፣ ልጄ። ስትረካ እንዲህ ትሸታለች።»