ቆጣሪው ሲናገር

ቆጣሪዎች በየቤቱ መብራት የፈጀውን ሰው ጮክ ብለው እንዲናገሩ ከታዘዘ ወዲህ፣ የቤታችን የቁጠባ ሰባኪ እኔ ነበርኩ። የሚስቴን የጥሩነሽን ካውያ ከሶኬት ስነቅል፣ ልጄን በአምፖል ስጨቀጭቅ ከረምኩ። በወሩ መጨረሻ ሁለቱን ሳሎን ሰብስቤ፣ "በሉ፣ ጥፋተኛውን እንስማ!" አልኩ።

"ከሁሉም በላይ የፈጁት አባወራው አቶ ደርሶልኝ ናቸው፤" አለ ቆጣሪው። "በየጠዋቱ አርባ ደቂቃ ሙቅ ሻወር። እዚያው ሆነው ሃያ ሁለት ጊዜ፣ 'ጥሩዬ፣ ከሥራ ተባርሬያለሁ' ብለዋል።"

የጀመረው ሳቅ ልጄ አፍ ላይ ቀረ። እኔ መግቢያ አጣሁ።

ጥሩነሽ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። "ሃያ ሁለት ጊዜ ለግድግዳ ከምትነግር፣ አንዴ ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበር? በል፣ ንገረኝ።"

ያን ሁሉ ተለማምጄ፣ አፌን ስከፍት ቃሉ ጠፋኝ።