ሰላም ሳይሉ የገቡት ሱፐርቫይዘር

"ለመሆኑ ኮምፒውተሮች እንዴት ነው የሚነጋገሩት?"

ዝም…

"እሺ፣ ፕሮቶኮል ማለት ምንድን ነው?"

አሁንም ዝም… ትንፍሽ የሚል ልጅ ጠፋ!

መርሳ ከተማ፣ ሁለተኛ ክፍል። መምህርት ናጅዋን ላብ አጠመቃት።

ከወልድያ የመጡት ሱፐርቫይዘር አቶ ገበየሁ በሩን በርግደው ገብተው ነው በቀጥታ መጠየቅ የጀመሩት። ልጆቹ ካልመለሱ የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜው ይዘጋል… ቁርጡ ይሄው ነው።

"ድሮም ብያለሁ" አሉ ሰውየው። "ለዚህ ዕድሜ ኔትወርክ ማስተማር ልፋት ነው። ይቅርብሽ መምህርት!"

ናጅዋ ግቢ ውስጥ እያሯሯጠች በጨዋታ ያስተማረቻቸው ልጆች እንዲህ ጉድ ይሥሯት?

"ልጆቼ፣ ኧረ መልሱ! ታውቁታላችሁ እኮ!"

ይሄኔ ሁሪያ የምትባል የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እጇን አወጣች።

"ጋሼ… አንቱ ሰላም አላሉንም እኮ!"

"ምን?"

"ኮምፒውተር ዘሎ ወሬ አይጀምርም። መጀመሪያ 'ሰላም ነህ?' ይላል። ያኛው 'ደህና ነኝ፣ አንተስ?' ይለዋል። 'እኔም ደህና' ሲለው ነው መልእክት የሚላከው። ይሄ የንግግር ደንብ ነው ፕሮቶኮል የሚባለው፤ ቲቸር እንደዚያ ነው ያስተማረችን። አንቱ ሰላም ስላላሉ… መስመሩ አልተከፈተም!"

ኧረ ጉድ! ለካ ልጆቹ ዝም ያሉት ጠፍቷቸው አይደለም… የተማሩትን እየሠሩበት ነው!

አቶ ገበየሁ ቀስ ብለው ወጡና በሩን አንኳኩ።

"እንደምን አደራችሁ ልጆች?"

"እግዚአብሔር ይመስገን! አልሐምዱሊላህ! አንቱስ?"

"እኔም ደህና፣ ይመስገን!"

ከዚያማ ማን ያቁማቸው!

"መልእክቱ ትልቅ ከሆነስ?"

"ይከፋፈልና ከግራና እንደሚመጣ ማንጎ በየሚኒባሱ ይጫናል!"

"መንገድ ላይ የጠፋ ካለስ?"

"'ይሄ አልደረሰኝም፣ ድገምልኝ' ይባላላ!"

ሰውየው እስኪያነቡ ሳቁ።

"መምህርት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ክፍለ ጊዜው አይዘጋም። እንዲያውም የሀብሩ ወረዳ መምህራን በሙሉ መጥተው ይዩሽ!"

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ናጅዋ በደስታ አለቀሰች፤ ደግ አደረገች!

ወገኖቼ… ልጅ ዝም ሲል "አያውቅም" ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ እናንተ እንዴት እንደገባችሁ እዩ። ማሽን እንኳ ሰላም ሳይባባል ሥራ አይጀምርም!

እስቲ እውነቱን ጻፉልኝ… ማታ ቤት ስትገቡ ለልጃችሁ መጀመሪያ የምትሉት የቱን ነው?

"እንዴት ዋልክ?" ወይስ "የቤት ሥራህን ሠራህ?"