አንድ ቆርቆሮ ዘር

«ወንጌላዊው ጸሎት ላይ ናቸው» አለኝ ቴክኒሻኑ፣ በሩን በእግሩ ደግፎ። ጸሎቱን እስኪጨርስ ዝናቡ አይጠብቀኝም አልኩትና በክንዱ ሥር ሾልኬ ገባሁ። ቆርቆሮዬን በሻርፔ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዣለሁ።

ወንድሜ ጸሎት ላይ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ይጽፋል። ቀና ብሎ ሲያየኝ ወረቀቱን በመዳፉ ሸፈነው። ልጅ ሆኖ ስኳር ሲሰርቅ ስይዘውም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

«እትዬ፣ ሰባት ደቂቃ ነው ያለኝ።»

ይበቃናል ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ድምፅ እንዳታስተጋባ ብለው ግድግዳዋን ሁሉ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈውባታል። አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ሰዓት፣ ከመስታወቱ ወዲያ ቴክኒሻኑ። በየቀኑ በምሳ ሰዓት አገር ምድሩን ጸጥ የሚያሰኘው ድምፅ የሚወጣው ከዚህች ነው። ከእኔ ጓዳ አትበልጥም።

ዛሬ ምን ልትል ነው ብዬ ጠየቅሁት። መዳፉን ወረቀቱ ላይ ጫን አደረገ። እኔ ማንበብ እንደ ነገሩ ነው፤ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩት እሱ እንዲማር ነው። ቁጥር ግን አይጠፋኝም። በጣቶቹ መሃል አርባን አየኋት።

«አርባ ቀን?»

ዓለም የምታልፍበትን ቀን ሲያሰላ ትንሽ ስህተት እንደነበረ ነገረኝ። የመጀመሪያው ቀን ላይም ስህተት ነበር፤ ያኔ ሰው ፍየሉን ሸጦ ጨረሰ። ሁለተኛውም ላይ ስህተት ነበር፤ ያኔ ኮረብታው ላይ ሆነን የዓለምን መጨረሻ ስንጠብቅ ፀሐይ ወጣችብን፤ መተያየት አፍረን አንድ በአንድ ወረድን። ሦስተኛው ትናንት ነበር። ለዚህኛው ደግሞ አትዝሩ ብሎናል። ማን ሊሰበስበው ትዘራላችሁ አለ፣ በዚያ በሚያምር ድምፁ። እኔም ዶማዬን ሰቀልኩ።

ዛሬ ጠዋት ተነስቼ ማሳዬን አየሁት። እንደነበረ ነው። አፈሩን በጣቴ ወጋ ባደርገው እስከ አንጓዬ ድረስ ርሷል። ዘጠኝ ቀን አለን። ከዚያ ወዲያ የተዘራ በቆሎ ፍሬ ሳይዝ ይደርቃል።

«ጎረቤቴን፣ አዋላጇን ታውቃታለህ» አልኩት። «ቅዳሜ ዘሯን ቀቅላ ለልጆቿ አበላቻቸው። የቀሩት ሬዲዮ ከፍተው ያንተን አፍ እየጠበቁ ነው። አርባ ካልክ የእነሱም ዛሬውኑ ድስት ይገባል።»

የምናገረው የተሰጠኝን ነው አለ።

«ተሳስቻለሁ የምትለዋንስ ማን ነው የሚሰጥህ?»

ሰዓቱን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዲህ ብል ከእንግዲህ ማን ያምነኛል አለኝ። ሃያ ዓመት የለፋሁበት በአንድ ቀን ሊፈርስ ነው አለ። ዓይኔ እግሩ ላይ አረፈ። ነጠላ ጫማ አድርጓል። ያንን ጥቁር የቆዳ ጫማውን ቅዳሜ ለዘበኛው ሰጠው ሲሉ የሰማሁት እውነት ነው ለካ። እሱም እንደ እኛው ወደ ሰማይ እሄዳለሁ ብሎ ነበር።

ትንሽ አንጀቴን በላው። ትንሽ ነው ግን።

ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ጣቱን አነሳ። አንድ ደቂቃ ቀርቷል።

ሻርፔን ፈታሁና ቆርቆሮውን ወረቀቱ ላይ ገለበጥኩት። በቆሎው ማይክሮፎኑን ከበበው፤ አርባዋም ከሥሩ ተቀበረች። አልጋዬ ሥር ደብቄ ያቆየሁት ዘር ነው። ማመኑን አምኛለሁ፤ ቆርቆሮዬን ግን ለማንም አላሳየሁም።

«ለማንበብ ከፈለግህ መሬት ላይ ጥረገው» አልኩት።

በዚያ ክፉ ዓመት እናታችን በረሃብ ዘሩን እንዳንጨርሰው ጆንያው ላይ ተኝታ ታድር ነበር። እኔ አሥር ዓመቴ፣ እሱ ስድስት። ከጎኗ ተኝተን ፍሬው በጆንያው ውስጥ ሲቆረቁረን ያድራል። ይህን አልነገርኩትም። እሱም አይረሳውም።

ቀይ መብራቱ በራ።

«የተወደዳችሁ» አለ ወንድሜ።

እጁን ዘሩ ላይ ጣል አደረገ። ሊጠርገው ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አንድ ፍሬ አነሳና ቆርቆሮው ውስጥ ጣላት። ቋ አለች። ሌላ አነሳ። ነቀዝ የበላውን ወደ ግራ ይለያል፣ ደህናውን ወደ ቆርቆሮው፣ እናታችን እንዳሳየችን። ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ወዲያ ሁለት እጁን ያወናጭፋል፤ የሚያየው የለም። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ይህ ድምፅ በየቤቱ እየገባ ነው። ከሚያዳምጡት ውስጥ ዘር እየተለቀመ መሆኑን የማያውቅ አንድም ሰው አይኖርም።

ፍሬው እየሳሳ ሄደ። የአርባዋ ጫፍ ብቅ አለች። ጣቱ እሷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወረቀቱን ከቀረው ዘር ሥር ቀስ ብሎ ሳበና ገልብጦ አስቀመጠው።

«ትናንት የነገርኳችሁ ቀን አልፏል» አለ። የሬዲዮው ድምፅ አልነበረም፤ የቤታችን ነው። «ሌላ ቀን የለኝም።»

ከዚያ ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ይዞ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው።

«ስንት ቀን አለን፣ እትዬ?»

ከማይክሮፎኑ እግር ሥር አንዲት ፍሬ ተንከባለለች። ከጠርዙ ሳትወድቅ በመዳፌ ያዝኳት።